ሞትና ቀብር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ኅትመት ሥዕል

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦
የዐፄ ፋሲለደስ አስከሬን በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እንደሚገኝ ይታወቃል፤ በእርሳቸው ዘመን የነበሩ የፈረንሳይ የኅትመት ሠዓሊዎች ሞትንና ቀብርን እንዴት ይሥሉ እንደነበር የሚያስረዳኝ ባገኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ከሎሬኑ (የዛሬዋ ምሥራቅ ፈረንሳይ) ሠዓሊ ከዣክ ካሎ ቢጀምሩ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1633 በታተሙት 18 የጦርነት መከራ ሥዕሎቹ በአንደኛው፣ በዝርፊያ የተያዙ ወታደሮች በአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ቄስ መሰላል ላይ ወጥቶ ሊሰቀል ለተቃረበው ሰው መስቀል ያሳያል፣ ከሥር ደግሞ ሌሎች ከበሮ ላይ ዕጣ ይጣጣላሉ። ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ ልብ የሚሰብረው፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው። ካሎ ሥዕሉ የሚቀረጽበትን የመዳብ ሰሌዳ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ጠንካራ ቫርኒሽ ይቀባ ስለነበር፣ ቫርኒሹ በመርፌ በተጫረበት ቦታ አሲዱ የሚቦረቡረው መስመር እጅግ ቀጭንና ጥርት ያለ ሆኖለታል።

ደብተራው፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የተጠየቀው ቀብርም ጭምር ነው። ፈረንሳዊው የኅትመት ሠዓሊ አብርሃም ቦስ የምሕረት ሥራዎችን በሣለበት ተከታታይ ሥራው ሙታንን መቅበርን አካትቷል፤ ይህም በመጽሐፈ ጦቢት የምናውቀው ምግባር ነው። ሰዎቹን በራሱ ዘመን ልብስ መሣሉ ቀብሩን የጎረቤት ጉዳይ ያደርገዋል።

የጣና ዳር፦
እውነት ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1639 ፓሪስ የገባው ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ዴላ ቤላም ሞትን ሕፃን ነጥቆ በሚሄድ አጽም መስሎ ሥሎታል።