የሱቃችን ጂሜይል ሞላ፣ ማፑም አሁንም ፒያሳ ነው የሚያሳየን፤ ከየት ልጀምር?

የፕሪንት ቤቷ ልጅ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አራት ኪሎ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤት አለን። ድሮ ፒያሳ ነበርን፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ ዞርን። ደንበኛ ፋይል የሚልክልን በቴሌግራም ነው፤ ከበድ ያለውንና የመሥሪያ ቤቱን ደግሞ በጂሜይል። ከሰኞ ጀምሮ ጂሜይሉ መቀበል አቁሟል። ትናንት አንዲት ተመራቂ ተማሪ ጥናቷን ሦስቴ ልካ ሦስቴም ስለተመለሰባት ከስድስት ኪሎ በዝናብ መጣች። ፍላሹን በፌስታል ጠቅልላ እጇ ውስጥ ጨብጣው ነበር። በነጋታው የማስገቢያ ቀኗ ነው። በጣም አዘንኩ።

ስከፍተው «ቦታ ሞልቷል» ይለኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ኢሜይል አንድ በአንድ እያጠፋሁ ነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ታዲያ የሞላው ምንድን ነው?

ሌላው ደግሞ ጎግል ማፕ ላይ ሱቃችን አሁንም ፒያሳ ነው ያለው። እኛም አልቀየርነውም፣ እንዴት እንደሚቀየርም አናውቅም። ሰው ደውሎ «ደርሻለሁ፣ ግን እዚህ ሰፊ መንገድ እንጂ ሱቅ የለም» ይለናል።

እውነቱን ለመናገር ጎግል ለእኔ መፈለጊያ ብቻ ነበር። አሁን ድራይቭ አለ፣ ፎቶስ አለ፣ ዶክስ አለ፣ ፎርምስ አለ። የቱ የት እንደሚገኝና የቱ ለሥራችን እንደሚጠቅም የሚያስረዳኝ ካለ እግዜር ይስጥልኝ።

ካዛንቺስ ነኝ መለሰ፦

እህቴ፣ የሞላው ኢሜይልሽ ላይሆን ይችላል። ጎግል ለአንድ አካውንት በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶስ ይሄንኑ 15 ነው የሚካፈሉት። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤት በአንድ ሮቶ ውኃ እንደሚጠቀመው ማለት ነው። አንዱ ሲጨርሰው ሁሉም ይቸገራል። ቦታው ሲያልቅ ጂሜይል መላክም መቀበልም ያቆማል። አንቺ የምታጠፊው ጽሑፍ ደግሞ ክብደት የለውም፤ በመቶ የሚቆጠር ኢሜይል ብታጠፊ የአንዲት አጭር ቪዲዮ ያህል አይሆንም።

የሱቁ ስልክ ላይ በዚሁ አካውንት ገብታችኋል አይደል? ከሆነ የምጠረጥረው ፎቶስን ነው። ባክ አፑ ከበራ የስልኩን ፎቶና ቪዲዮ ሳትጠይቂው ይጭናል። ድሮ ጥራቱ ቀነስ ተደርጎ የተጫነ ፎቶ ከ15ቱ አይቆጠርም ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2021 ወዲህ የተጫነው ግን ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይሄን ስላላወቀ ነው ድንገት የሚሞላበት።

በኮምፒውተር ጎግልን ክፈቺና ከላይ በቀኝ በኩል ተመልከቺ። ዘጠኝ ነጥብ በሦስት ረድፍ ተደርድሮ ታያለሽ። እሱን ስትነኪው የጠየቅሻቸው ሁሉ፣ ድራይቩም ማፑም ፎርምሱም፣ እዚያው ይዘረገፉልሻል። አጠገቡ ያለው ክብ ደግሞ የአካውንትሽ በር ነው። በሱ ገብተሽ ስቶሬጅ የሚለውን ካየሽ የቱ አገልግሎት ስንት እንደያዘ ለየብቻ ይነግርሻል። ከዚያ በፊት ምንም አታጥፊ።

የሜክሲኮው መለሰ፦

እኔ ብሆን አዲስ አካውንት ከፍቼ እገላገል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሌላ 15 ጊጋባይትም ታገኛለሽ።

ቢጫ ጃንጥላ መለሰች፦

ወንድሜ፣ ለሱቅ እንደዚያ አይሆንም። ኢሜይሉ ቢዝነስ ካርዳቸው ላይ አለ፣ ደንበኛው ስልክ ውስጥ አለ፣ ምናልባት ባነራቸው ላይም ተጽፏል። ደግሞም ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባበትን አካውንት ጎግል ሊያጠፋው ይችላል። አዲሱን ይዘው አሮጌውን ከረሱት ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

እህቴ፣ ፎቶስ ውስጥ ስታጸጂ ግን አደራሽን ተጠንቀቂ። እኔ የልጄን ክርስትና ፎቶ ያጣሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ አድሬአለሁ። ስልኬ ሞልቶ ነበር። «ጎግል ላይ ስላለ ከስልኬ ላጥፋው» ብዬ እዚያው ፎቶስ መተግበሪያ ውስጥ ሰረዝኩት። ለካ ባክ አፕ የተደረገን ፎቶ እዚያ ስትሰርዢው ከስልክም ከጎግልም ነው የሚጠፋው። ደግነቱ ባክ አፕ የተደረገ ፎቶ ቢኑ ውስጥ፣ የተሰረዘው በሚጠራቀምበት ቅርጫት ማለቴ ነው፣ 60 ቀን ይቆያል፣ መለስኩት። ስልክሽን ብቻ ማቅለል ስትፈልጊ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጠቀሚ፤ እሱ ጎግል ላይ ያለውን አይነካም። አሁን የሞላብሽ ግን የጎግሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጊውን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ፣ ከፍተሽ መኖሩን እዪ፣ ከዚያ አጥፊ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አካውንቱን የከፈተው ማን ነው? ሪከቨሪ ስልክ ተብሎ የተመዘገበውስ፣ መግባት ሲያቅት ኮድ የሚላክበት ማለቴ ነው፣ የማን ቁጥር ነው?

የፕሪንት ቤቷ ልጅ፦

ስቶሬጁን አየሁት። ፎቶስ 9 ጊጋ ይላል! ወንድሜ ሠርግ ሲቀርጽ የነበረው በሱቁ ስልክ ነው፣ ሁሉም ተጭኗል። ድራይቩም 4 ገደማ ይዟል። ኢሜይሉ ትንሽ ነው።

ቢጫ ጃንጥላ፣ ያልሽውንም አየሁ። ሪከቨሪ ስልኩ ሙሉውን አያሳይም፣ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የእኔም የወንድሜም አይደሉም። አካውንቱን የከፈተልን ፒያሳ እያለን አጠገባችን የነበረ የሞባይል ቤት ልጅ ነው። በራሱ ስልክ ነው ያስገባው ማለት ነው። ሱቁ ከእኛ ጋር ፈርሷል፣ የት እንደገባ አናውቅም። እኛ የምናውቀው ፓስወርዱን ብቻ ነው። አደጋ አለው እንዴ?

ጋሽ መምህር መለሱ፦

አለው፣ ልጄ። ከሞላው ቦታ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ልጁን ክፉ ነው አልልም። ብዙዎቹ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት፤ ሰው ይቸኩላል፣ ሲሙ በእጁ የለም፣ ልጁም በራሱ ቁጥር ይጨርሰዋል። ችግሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ከሌላ ለመግባት ብትሞክሪ ጎግል ማረጋገጫ ኮድ ሊጠይቅሽ ይችላል። ኮዱ የሚሄደው እሱ ስልክ ላይ ነው። ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ የማያውቅሽ ሰው እጅ ይገባል።

ጂሜይል፣ ድራይቭ፣ ፎቶስ፣ ማፑ ላይ ያለው የሱቅሽ ገጽ፣ ዩቲዩብም ካለሽ፣ ሁሉም የሚከፈቱት በዚያ አንድ አካውንት ነው። ቁልፉ ሰው እጅ እያለ ቤት አታጽጂ።

አሁን ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ገብታችኋል። ከአካውንቱ እንዳትወጡ። ሁልጊዜ ከምትጠቀሙበት ማሽን ሲሆን ጎግል በቀላሉ ያምናችኋል። ክቡን ነክተሽ አካውንቱን ክፈቺ፣ ሴኩሪቲ የሚለው ክፍል ግቢ። ሪከቨሪ ስልኩን በራስሽ ቁጥር ተኪ። ሪከቨሪ ኢሜይልም አለ፣ የወንድምሽን አስገቢ። ቀጥሎ ፓስወርዱን ቀይሪ፤ ልጁም ያውቀዋልና። የገቡ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝርም እዚያው አለ። የማታውቂው ካለ አስወጪው። ስልኩን ከቀየርሽ በኋላ ለ7 ቀን ያህል ጎግል በድሮው ቁጥርም ኮድ ልላክ ሊል ይችላል፣ አትደንግጪ።

ሲያልቅ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ አብሪና ባክ አፕ ኮዶቹን አውጪ። አሥር ኮድ ይሰጥሻል፣ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ፕሪንተሩ በእጅሽ ነው፣ አትሚውና ከንግድ ፈቃዱ ጋር አስቀምጪው። ስልክሽ ቢጠፋ እንኳ በነሱ ትገቢያለሽ።

የፕሪንት ቤቷ ልጅ፦

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያደረግኩት፣ ግን ሆነ! ቁጥሩ የእኔ ነው አሁን። ዝርዝሩ ውስጥ የማላውቀው አንድ ስልክ ነበር፣ አስወጣሁት። እድሜ ይስጥዎት።

ካዛንቺስ ነኝ መለሰ፦

ጎበዝ! አሁን ወደ ጽዳቱ። የሠርጉን ቪዲዮ ቢጫ ጃንጥላ እንዳለችው ገልብጠሽ አጥፊ፣ የስልኩንም ባክ አፕ ዝጊው። ለወንድምሽ የራሱ አካውንት ይሁንለት። ጂሜይል ውስጥ ደግሞ ከባዱን ብቻ መፈለግ ትችያለሽ። መፈለጊያው ሳጥን ቀኝ ጫፍ ላይ ያለችውን ምልክት ስትነኪ መጠን የሚል ቦታ ይመጣል፣ ከ10 ሜጋባይት በላይ በይው። የጂሜይልና የድራይቭ ቢን ካልተራገፈ ቦታው አይለቀቅም፤ 30 ቀን እዚያው ይቀመጣል። ተጨማሪ ቦታ በክፍያ አለ፣ ግን ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ከሌለሽ አትጨነቂ፣ ለእናንተ 15ቱ ይበቃል።

ለሥራችሁ የትኛው ይጠቅማል ላልሽው፣ ድራይቭ። ጂሜይል በአባሪ የሚልከው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ያለፈውን ደንበኛው ራሱ ድራይቭ ላይ ጭኖ ሊንኩን ይላክልሽ። ፋይሉ የሚቆጠረው ከባለቤቱ ቦታ ነው እንጂ ከአንቺ አይደለም። ፎርምስ ትእዛዝ ለመቀበል ጥሩ ነው፤ ስንት ኮፒ፣ ባለቀለም ነው ወይስ ጥቁርና ነጭ፣ ጥረዛው ምን ዓይነት ይሁን። ፋይል ግን በፎርም አትቀበዪ፣ ያኛው ከአንቺ 15 ላይ ነው የሚቀነሰው። የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ ላኩ በያቸው። ዎርዱ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ፎንቱ ተቀያይሮ ገጹ ሁሉ ይዘበራረቃል፣ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ቢጫ ጃንጥላ መለሰች፦

አንድ ልጨምር። ተማሪዎች የእናንተ ኮምፒውተር ላይ የራሳቸውን ጂሜይል ከፍተው ያትማሉ አይደል? ብዙዎቹ ሳይወጡ ነው የሚሄዱት። እኔ አንድ ፕሪንት ቤት ገብቼ የማላውቃት ልጅ ሙሉ ኢሜይል ተከፍቶ አግኝቻለሁ፤ የባንክ መልእክቷ ሳይቀር ይታያል። ክሮም ራሱ ላይ፣ ከአድራሻ መጻፊያው በስተቀኝ ያለችውን ክብ ስትነኪ ገስት የሚል አለ። ለደንበኛ ሁሌ እሱን ክፈቺለት። መስኮቱ ሲዘጋ አካውንቱም አብሮ ይወጣል፣ ክሮም ውስጥም ምንም አይቀርም። የወረደ ፋይል ካለ ግን ዳውንሎድስ ውስጥ ይቀራል፣ እሱን በእጅሽ አጥፊ።

የሜክሲኮው መለሰ፦

ስለ አዲስ አካውንት ያልኩት ትክክል አልነበረም፣ ተቀብያለሁ። ማፑን ግን ለእኔ ተዉልኝ፣ በሞተር እቃ አደርሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ነኝ።

በመጀመሪያ አዲስ ቦታ እንዳትመዘግቢ። ሁለት ሱቅ ይሆንና ሰው ይምታታል፣ የድሮው ኮከብና አስተያየትም ፒያሳ ይቀራል። አሮጌውን ክፈቺ፣ የንግዱ ባለቤት ነኝ የሚለውን ጠይቂ። ክፍያ የለውም። ማረጋገጫ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው። ከመንገዱ ጀምረሽ፣ ታፔላችሁን አሳይተሽ፣ ገብተሽ ማሽኖቹን፣ ከዚያ መዝጊያውን በቁልፍ ስትከፍቺ ወይም ፈቃዳችሁን ሳታቋርጪ ቅረጪ። ሲፈቀድልሽ አድራሻውን ቀይረሽ ምልክቷን በጣትሽ ጎትተሽ በራችሁ ላይ አድርጊያት። በራችሁ ላይ ነው ያልኩሽ፣ ዋናው መንገድ ላይ አይደለም። ሞተረኛ ምልክቷ አስፋልቱ መሀል ስትሆንበት ምን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

እስከዚያው ደግሞ ፕላስ ኮድ ተጠቀሚ። በስልክ ማፑ ላይ የሱቁን በር ጫን አድርገሽ ያዢው። ከታች ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ መሀሉ ላይ የመደመር ምልክት ያለው አጭር ኮድ ይመጣል። ኮፒ አድርገሽ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ላኪው። ሰውዬው መፈለጊያው ላይ ካስገባው በራችሁ ድረስ ይመጣል። «ከአደባባዩ ወረድ ብለህ፣ ሰማያዊውን በር አልፈህ» ከማለት ይሻላል፤ በተለይ አሁን፣ ምልክት የነበረው ሁሉ በፈረሰበት ጊዜ።

ዳታ ለሌለው ደንበኛ የአዲስ አበባን ማፕ ዋይፋይ ላይ እያለ ያውርድ በዪው። ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ግን የመኪና መንገድ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ የእግረኛ አይሰጥም።

የፕሪንት ቤቷ ልጅ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ቪዲዮውን ገልብጠን አጠፋን፣ ቢኑንም አራገፍን። አሁን ከ15ቱ 5.8 ተይዟል ይላል። ከሰዓት በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሠላሳ ገጽ ሰነድ ገባልን፣ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ማፑን ግን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ወረፋ ስላለ ዛሬ መቅረጽ አልቻልኩም። ቅዳሜ ጠዋት ከመክፈታችን በፊት መንገዱ ባዶ ስለሆነ ያኔ እቀርጻለሁ። የሜክሲኮው፣ መዝጊያው ተጠቅላይ ብረት ነው፣ ስከፍተው መቅረጽ ይበቃል ወይስ ፈቃዱንም ላሳይ?

የሜክሲኮው፦

ሁለቱንም አሳዪ። ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ታፔላው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ብቻ ቀድመሽ እዪ። ኮዱንም ላኪልኝ፣ ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ምልክቷ በሩ ላይ መሆኗን በሞተር መጥቼ አረጋግጥልሻለሁ።