ላሜ ለሀጯ አልቆም አለ፤ ጥጃዋን ልለያት?

እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ከትናንት ወዲያ ላሜ መኖ እምቢ አለች። ለሀጯ እንደ ክር ይንጠለጠላል። አፏን ከፍቼ ሳይ ምላሷ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አለ፤ አንዱ ፈንድቶ ቀይ ሥጋ ይታያል። ዛሬ ደግሞ ጊደሯ ማነከስ ጀመረች፣ የሰኮናዋ መሃል ቆስሏል። አፍተግር፣ ማለትም በቫይረስ የሚመጣው የአፍና የእግር በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ለእንስሳት ሐኪም ደውያለሁ፣ የሚደርሰው ግን ነገ ነው። እስከዚያ ወተት መሸጥ አቁሜያለሁ፤ ከበረቱ የሚወጣም የሚገባም የለም። ቫይረሱ በጫማም ይዛመታል፣ አሲድ ግን አይችልም፤ ስለዚህ ቦቲዬን ጭቃውን አራግፌ በሲትሪክ አሲድ እነክራለሁ።

የጨነቀኝ ጥጃዋ ናት። አሁንም የታመመችውን እናቷን እየጠባች ነው። በሽታው የጥጃን ልብ መትቶ ድንገት ይገድላል። ልለያት? ከለየኋትስ ምን ላጠጣት? የደረሰበት ሰው ካለ ቶሎ ይንገረኝ።