ለ16,000 ፓውንድ ፊፍዝ ዊል ኤፍ-250 ይበቃል ወይስ ዱዋሊ ልግዛ?

አዲስ ካምፐር (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። 38 ጫማ ርዝመት ያለው ፊፍዝ ዊል ካምፐር (ፒክአፕ ካሶኒ ላይ የሚያያዝ ተሳቢ ቤት) ልንገዛ ነው። ሲጫን ከ16,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል፤ ባዶውን 13,100 ነው። ብሮሹሩ ፒኑ (ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ብረት) ላይ የሚያርፈው 2,650 ፓውንድ ነው ይላል። ከልጆቹ ጋር አራት ነን፤ ብዙ ጊዜ የምንሄደው በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ዩታ ነው። መኪናው ግን ገና አልተገዛም። ሦስት ያገለገሉ ናፍጣ አይቻለሁ፦ ፎርድ ኤፍ-250 አጭር ካሶኒ፣ ራም 3500 ነጠላ ጎማ ረጅም ካሶኒ፣ እና ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው ቼቪ 3500 ዱዋሊ። የኤፍ-250ው ሻጭ «ይሄ 20,000 ይጎትታል፣ ምን ያስጨንቅሃል» ይለኛል። እውነት ነው?

ሚዛን

ሻጩ አልዋሸህም፤ ያልጠየቅከውን ነው የመለሰልህ። ፊፍዝ ዊል ላይ መጀመሪያ የሚያልቅብህ የመጎተት አቅም አይደለም፣ የመሸከም አቅም ነው። ይሄ ተሳቢ ከኋላ መንጠቆ ላይ አይንጠለጠልም፤ አንገቱን ካሶኒው ውስጥ አስገብቶ ልክ ከኋላው አክስል በላይ ይተኛል።

ሂድና የሹፌሩን በር ክፈት። ምሰሶው ላይ ስለ ጎማ ንፋስ የሚናገር ቢጫ ያለበት ስቲከር አለ። እዚያ ላይ የሰውና የዕቃ ድምር ከዚህ እንዳይበልጥ የሚል አንድ ቁጥር በፓውንድም በኪሎም ተጽፏል። ብሮሹር ላይ ያለው ቁጥር ጥቂት ዕቃ የተገጠመለት መኪና ነው፤ ስቲከሩ ላይ ያለው ግን የዚያችው የቆመችው መኪና ነው። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ መኪኖች በመስታወት ጣሪያና በፎር ዊል ብቻ መቶ ምናምን ፓውንድ ይለያያሉ።

የፒኑን 2,650 ደግሞ እርሳው። ባዶውን የተመዘነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባትሪና የተሞላ የጋዝ ሲሊንደር እንኳ አይገባበትም። ትልቁ የዕቃ ጓዳ ከፊት ስለሆነ የምትጭነው አብዛኛው ወደ ፒኑ ነው የሚሄደው። ሲጫን ከጠቅላላው ክብደት ከ20 እስከ 22 በመቶ አድርገህ አስላ። 15,500 ላይ ብትደርስ በ21 በመቶ 3,255 ፓውንድ ነው። በኛ ቋንቋ 15 ኩንታል ገደማ! በዚያ ላይ አራት ሰው 600፣ ሂቹ (ካሶኒው ላይ ተገጥሞ ፒኑን የሚይዘው) ራሱ 200፣ መሣሪያና ኮተት 150 ጨምር። 4,205 ሆነ። ስቲከሩ ከዚህ በታች ከሆነ ያ መኪና ያንተ አይደለም። ሦስቱን አንብበህ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን።

ቁልቁለት

ሚዛን የጻፈው ልክ ነው። እኔ ደግሞ መንገዱን ልጨምር። አይ-70 ተራራውን የሚያልፍበት አይዘንሃወር ቶነል ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፤ ወጥተህ ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርድ 7 በመቶ ቁልቁለት ነው። እዚያ የሚጠይቅህ «ያወጣዋል ወይ?» ሳይሆን «ይይዘዋል ወይ?» ነው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነትህን ቀንስ፣ ቶው ሞድ (ማርሹን ለመጎተት የሚያስተካክለው) እና ኤግዞስት ብሬክ (ጭሱን አፍኖ በሞተሩ የሚያዘገየው) አብራ፣ ማርሹን ያኔውኑ አውርድ። ከገባህበት በኋላ ማውረድ መዘግየት ነው። ፍሬኑ ላይ እግርህን አስተኝተህ አትውረድ። ለምሳሌ 45 ላይ ለመውረድ ከወሰንክ፣ 45 ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ወደ 40 አውርድና ልቀቅ፤ ሞተሩ ይያዘው። የተሳቢው ኤሌክትሪክ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ድራም ነው፤ ያለማቋረጥ ከተጫንከው ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አይዝም። ያኔ 15,000 ፓውንድ ከኋላ ይገፋሃል።

የብሬክ ኮንትሮለሩን (የተሳቢውን ፍሬን ከጋቢና የሚቆጣጠረውን) ገና ከግቢ ስትወጣ አስተካክል። ባዶ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በ25 ማይል ሂድና የእጅ ማንሻውን ብቻ ተጫን። የተሳቢው ጎማ ከተቆለፈ ቁጥሩን ቀንስ፤ መኪናው ምንም ካልተጎተተ ጨምር። የምትፈልገው ሊቆለፍ ሲል ያለችውን ነጥብ ነው። ተሳቢው ባዶ ሲሆንና ሲሞላ ስለምትለያይ ሁሌ እንደ አዲስ ሞክራት።

ቤንዚን ይሻላል

ናፍጣ ብቻ ነው እንዴ የምታዩት? የፎርድ 7.3 ቤንዚን ሞተሩ ቀላል ስለሆነ ስቲከሩ ላይ ብዙ መቶ ፓውንድ ይተርፍሃል። ዋጋውም ይቀንሳል፤ ዴፍ (የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ) መሙላት፣ የጭስ ማጣሪያ መዘጋት የሚባል ጣጣም የለም።

ቁልቁለት

ሜዳማው ካንሳስ ቢሆን እስማማለሁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። 430 ፈረስ ጉልበት ቶነሉ ጋ ስትደርስ 290 አካባቢ ነው፤ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣል። ቱርቦ ናፍጣ ከፍታውን በአብዛኛው ይቋቋማል፤ ከሁሉ በላይ ኤግዞስት ብሬኩ አለው። በወር ሁለቴ አይ-70ን ለሚሄድ ሰው ናፍጣ ነው።

ያገለገለ ናፍጣ ከሆነ ግን የከፍተኛ ግፊት ፓምፑን አጣራ። ሲፒ4 የሚባለው ፓምፕ ሲበላሽ የብረት ብናኝ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልካል፤ የሚቀየረው ፓምፑ ብቻ ሳይሆን የነዳጅ መስመሩ በሙሉ ነው። የ2011–2016 ዱራማክስ (የቼቪ ናፍጣ ሞተር) ላይ አለ፤ ከ2017 ጀምሮ አምራቹ ጂኤም በሌላ ፓምፕ ተክቶታል። የ2019 እና 2020 ራም ላይም ነበረ፤ ሪኮል (አምራቹ መኪናውን ለጥገና የሚጠራበት) ወጥቶበታል። ፎርድም ይሄንኑ ፓምፕ ነው የሚጠቀመው። የሻሲ ቁጥሩን የመንግሥት የሪኮል ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ እይ። የነዳጅ ማጣሪያው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀትም ጠይቅ፤ ውሃና ቤንዚን የገባበት ናፍጣ ያንን ፓምፕ በአንድ ጉዞ ይጨርሰዋል።

አዲስ ካምፐር

አንብቤ መጣሁ። ኤፍ-250 2,312። ራም 3500 3,874። ቼቪ ዱዋሊ 5,540። ኤፍ-250ው ፒኑን ብቻውን እንኳ አይችልም ማለት ነው? ራሙ ላይ 331 ፓውንድ ነው የሚጎድለኝ። ከኋላ ባሌስትራውን የሚደግፍ ኤርባግ (የአየር ከረጢት) ባስገባ ወይም ውሃውን አፍስሼ ብሄድስ? ሚስቴ ዱዋሊውን በፍጹም አልነዳም እያለች ነው።

ሚዛን

ኤርባግ ያጎነበሰውን ኋላ ቀና ያደርጋል እንጂ አንድ ፓውንድ አቅም አይጨምርም። አክስሉ፣ ቸርኬውና ጎማው ያው ናቸው። የነጠላ ጎማ 3500ን የኋላ ጎማዎች ጎን አንብብ፤ የተለመደው 275/70 አር18 አንዱ በ80 ፒኤስአይ ንፋስ የሚሸከመው ወደ 3,640 ፓውንድ ነው፣ ሁለቱ 7,280። ባዶው መኪና ራሱ ከኋላ 3,200 አካባቢ ይመዝናል። ፒኑንና ሂቹን ስትደምርበት 6,655፤ የኋላ ወንበርና ኮተቱ ሲገባ 7,000 ይነካል። በሐምሌ ሙቀት ዩታ በረሃ ውስጥ እንዲህ ጫፍ ላይ ያለ ጎማ ሲፈነዳ ነጠላ ነው፤ ጎኑ የሚያግዘው ሌላ የለም።

ውሃ ማፍሰሱ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ግን ታንኩ የት እንዳለ እይ። 60 ጋሎን 500 ፓውንድ ነው። ታንኩ ከተሳቢው አክስል ኋላ ከሆነ ውሃው ሲፈስ ፒኑ ይብሱን ይከብዳል። ስለዚህ ወይ ዱዋሊውን ያዝ፣ ወይ ራሙን ከወደድከው ተሳቢውን ቀንስ፤ ጠቅላላው 13,500 አካባቢ የሆነ ፈልግ። ኤፍ-250ውን ተወው።

የዱዋሊው ችግር እውነት ነው፤ ከኋላ 8 ጫማ ይሰፋል፣ የመኪና ማጠቢያና የባንክ መስኮት አይገባም፣ ጎማ ስትቀይር ስድስት ነው። ባለቤትህ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ሰዓት ትሞክረው። አስቸጋሪው መኪናው ሳይሆን የኋላ ፓራፋንጎው ነው፤ በመስታወት እሱን ማየት ከለመደች በቃ።

አንገት

ካሶኒውን ያነሳ ሰው የለም። ዱዋሊው ባለ 8 ጫማ ስለሆነ አያሳስብም። ባለ 6.5 ጫማ የሚገዛ ሌላ አንባቢ ካለ ግን ሁለት ርቀት ይለካ፦ ከፒኑ መሃል እስከ ተሳቢው የፊት ማዕዘን፣ እና ከሂቹ መሃል እስከ ጋቢናው ጀርባ። የመጀመሪያው ከበለጠ ስትታጠፍ የኋላ መስታወትህ ይሰበራል፤ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሂች ያስፈልግሃል። ቁመትም ለካ። በስፖንዳውና በተሳቢው ሆድ መካከል ቢያንስ 6 ኢንች ይኑር፤ ያነሰ እንደሆነ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ስትሻገር ስፖንዳው ይታጠፋል።

ስታያይዝ መጀመሪያ የተሳቢውን ጎማ በታኮ ያዝ። የፒኑ ሳህን ከሂቹ ሳህን ግማሽ ኢንች ዝቅ ይበል፤ መኪናው ሲገባ ትንሽ አንስቶት ይንሸራተታል። ከፍ ካለ መንጋጋው ፒኑን ጫፉ ላይ ይነክሰዋል፣ የተያዘ ይመስላል፣ መጀመሪያ ዳገት ላይ ይለቅና አንገቱ ስፖንዳው ላይ ይወድቃል። ባትሪ ይዘህ ጎንበስ በል፤ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ብርሃን ከታየህ አልተያዘም። መቆለፊያውን አስገባ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድና የድንገተኛ ፍሬኑን ሽቦ አያይዝ። እግሮቹን ከመሬት ሙሉ ለሙሉ ሳታነሳ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ ይዘህ ወደፊት ሳብ አድርገው። የሚለቅ ከሆነ እዚያው እግሩ ላይ ይቆማል።

ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ማቆሚያ ገብተህ ሚዛን ላይ ውጣ፤ የፊት እግር፣ የኋላ እግርና የተሳቢው አክስል በየራሳቸው ሳህን። ተሳቢውን ፈትተህ መኪናውን ብቻ እንደገና መዝን። የመጀመሪያው የፊትና የኋላ ድምር ሲቀነስ የሁለተኛው፣ ያ ነው እውነተኛው ፒንህ።

አዲስ ካምፐር

ዱዋሊውን ነገ ልታየው ተስማምታለች። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በዚሁ መኪና በትርፍ ጊዜ የሰው ዕቃ ባመላልስበትስ?

ሚዛን

ያ ሌላ ዓለም ነው። ለራስህ መዝናኛ ስትጎትትና ለገንዘብ ስትጎትት ሕጉ አንድ አይደለም። የዱዋሊው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 14,000 እና የተሳቢው 16,000 ሲደመር 30,000 ነው፤ ለንግድ ከሆነ ድምሩ ከ26,000 አልፎ ተሳቢው ከ10,000 ስለበለጠ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ክላስ ኤ ትፈልጋለህ፣ ከግዛት ወደ ግዛት ከሄድክ ደግሞ የዶት (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር። የግል ኢንሹራንስህም የንግድ አደጋ አይከፍልም። ለመዝናኛ ቢሆንም ግዛቶች ይለያያሉ፤ ካሊፎርኒያ ከ15,000 በላይ ለሆነ ፊፍዝ ዊል ነዋሪዎቿን የንግድ ያልሆነ ክላስ ኤ ታስወጣለች። የኮሎራዶውን ከመንጃ ፈቃድ ቢሮው ጠይቅ፤ ኢንሹራንስህንም መኪናውን ሳትፈርም ደውልለት።