ሦስት አለቃ፣ ሦስት ዓይነት አመራር፦ ከእያንዳንዳቸው ጋር እንዴት ልሥራ?

ጥያቄ (የሆቴል ሠራተኛ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ከበላዬ ሦስት ሰዎች አሉ። ባለቤቱ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ ስደውልላቸው «አንቺ እንደሚሆን አድርጊው» ይሉኛል፣ በኋላ ግን «ሳልጠየቅ ለምን ተደረገ?» ይመጣል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ያዛል እንጂ አይጠይቅም፤ ያልወደደው ነገር ካየም በእንግዳ ፊት ይቆጣኛል። የክፍል ኃላፊዬ ደግሞ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ስብሰባ ጠርታ ሁሉን ካላወያየች አትወስንም። ጥምቀት እየደረሰ ነው፤ የክፍል ምደባውና የፈረቃው ነገር ከከተራ በፊት ማለቅ አለበት። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ መልቀቅ አልፈልግም። እንዴት ልያዛቸው?

መልስ (በሆቴል ሥራ የቆየ፣ አዘዞ)

እህቴ፣ ከሥራ አስኪያጁ ልጀምር። አዛዥ አለቃ ከምንም በላይ የሚያናድደው ያላወቀው ነገር በድንገት ሲደርስበት ነው። ቁርስ ሳይጀመር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አጭር ሪፖርት ስጪው፦ ስንት ክፍል ተይዟል፣ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ የትኛው ክፍል ሙቅ ውሃ የለውም። ችግር ይዘሽ ስትሄጂ መፍትሔውንም ይዘሽ ሂጂ። «ምን ላድርግ?» ካልሽው ቁጣ ነው የሚተርፍሽ። «አስጎብኚው ስድስት ክፍል ጠይቋል፣ ያለን አራት ነው፤ ሁለቱን እንግዶች ጎረቤት ሆቴል ላሲዝላቸው?» ካልሽው ግን በአንድ ቃል ይጨርስልሻል።

በእንግዳ ፊት ሲቆጣ አትመልሺለት፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ዝም ብለሽ አትለፊው። ቢሮው ገብተሽ «ጥፋት ካለብኝ ለብቻዬ ይንገሩኝ፣ እንግዳው የሚታዘበው ሆቴሉን ነው» በይው። ደግሞም ለጥምቀት እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልግሻል። ከተማው ሞልቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ተይዞ ሲገኝ «እስኪ እንወያይበት» የሚባልበት ጊዜ የለም።

መልስ (የማኔጅመንት መምህር፣ ማራኪ)

ያልሻቸው ሦስቱ ሰዎች በትምህርቱም የታወቁ ናቸው። ኩርት ሌዊንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የ10 ዓመት ገደማ ወንዶች ልጆችን በአዛዥ፣ በአወያይና በልቅ አመራር ሥር አሠርተው ነበር። አዛዡ መሪ ከክፍሉ ሲወጣ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ አወያዩ ሲወጣ ግን ልጆቹ ይቀጥላሉ። የኃላፊሽ ስብሰባ ቢያሰለችሽም አትናቂው ማለቴ ነው፤ ሠራተኛው ተስማምቶ የያዘው ፈረቃ አለቃ በሌለበትም ይጠበቃል። አንቺ ረቂቁን ጽፈሽ ቀድመሽ ስጫት፣ ስብሰባው ሲከፈትም «ዛሬ የምንወስነው የቱን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ያን ጊዜ ውይይቱ መቋጫ ይኖረዋል።

በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄርሲና ብላንቻርድ ጥሩ መሪ አያያዙን እንደ ሠራተኛው ችሎታና ፍላጎት ይለዋውጣል የሚል ሐሳብ አመጡ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ስለሆነ ችሎታሽን ገና አላየም። አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ የፈረቃ ድልድሉን፣ «ሙሉ ኃላፊነቱን ለእኔ ይስጡኝ፣ ዓርብ ዓርብ አሳይዎታለሁ» ብለሽ ጠይቂው። እምነት የሚመጣው እንዲህ በአንድ ሥራ ተጀምሮ ነው።

መልስ (የሱቅ ኃላፊ፣ አራዳ)

ባለቤቱ ከሁሉም ይከብዳሉ፤ ሥልጣን የሰጡሽ ይመስላሉ እንጂ ወሰኑን አልነገሩሽም። ቅናሽ እስከ ስንት በመቶ ትችያለሽ? ከዚያ በላይ ማን ይፍቀድ? በቴሌግራም ጽፈሽ ጠይቂያቸው። በስልክ የተነጋገራችሁትንም ወዲያው «ጋሼ፣ አሁን በስልክ እንዳሉኝ…» ብለሽ ላኪላቸው። ካልመለሱ «እስከ ነገ 4 ሰዓት ካልከለከሉኝ እቀጥላለሁ» በያቸው።

መልስ (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጎንደር)

በመጨረሻዋ ምክር አልስማማም። ለአበባና ለመጋረጃ ይሁን፤ በገንዘብ ነገር ግን ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ሒሳብ ሲመረመር የሚጠየቀው ፊርማው ያለበት ሰው ነው። «ይሁን» የሚል ጽሑፍ እስኪደርስሽ ቅናሹን አትስጪ።

ሌላም ነገር አለ። አዛዥነት የአመራር ዓይነት ነው፤ ስድብ ግን አይደለም። ከተሰደብሽ ቀኑንና ቃሉን መዝግበሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ለበዓሉ ትርፍ ሰዓት ሲያዝም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ እንደሌለበት እወቂ። አለቃው የፈለገውን ዓይነት ሰው ቢሆን ይህ አይቀየርም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠዋቱን ሪፖርት ከነገ ጀምሮ እሞክረዋለሁ። ለባለቤቱም የቅናሹን ነገር ዛሬ ማታ ልጽፍላቸው ነው። አንድ ነገር ግን አስፈራኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሰማ «በላዬ ዘልላ ሄደች» አይለኝም?

መልስ (በሆቴል ሥራ የቆየ፣ አዘዞ)

ይላል፣ ሲልም እውነቱን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ አትላኪው። ጽሑፉን መጀመሪያ ለእሱ አሳዪው፦ «የቅናሹ ወሰን ግልጽ ቢሆን ለእርስዎም ለእኔም ይቀለናል፣ እርስዎ ይላኩት ወይስ እኔ?» በይው። እሱ ከላከው የእሱ ሐሳብ ሆኖ ይጸናል። አንቺ ላኪው ካለሽም ሦስታችሁ ያላችሁበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተሽ እዚያ ላይ ጻፊው።