የዝናብ ጎርፍ የሚይዝ ረግረግ ፓርክ፦ ጎብኚ መሀሉ ድረስ ይግባ ወይስ ዳር ቆሞ ይመልከት?

ቁልቁለት፦
ከተሞች የዝናብ ጎርፍ የሚያጠራቅም ረግረግ ይሠሩና ያንኑ ቦታ ለሽርሽር ይከፍቱታል። የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሕዝቡ እስከ ውሃው መሀል ይግባ ወይስ ዳር ይቅር? ዝናብ ሲጥልስ በሩ ይዘጋ?

አቋሜን ላስቀድም። ይግባ፣ ግን መሬቱን ሳይረግጥ። ቻይና ሃርቢን ከተማ ያለው የቹንሊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። 34 ሄክታር ገደማ ነው፤ መሀሉ ያለው ነባር ረግረግ ሳይነካ ተትቷል። ዙሪያው ተቆፍሮ ኩሬዎች ወጡ፣ የወጣው አፈር እዚያው ተቆልሎ ጉብታ ሆነ፣ ጉብታው ላይ ዛፍ ተተከለ። የከተማው የዝናብ ውሃ በዙሪያው በተዘረጋ ቱቦ ይመጣል፣ ደለሉን ኩሬዎቹ ውስጥ ይጥላል፣ ከዚያ ወደ መሀል ይገባል። ጎብኚው ጉብታ ከጉብታ በሚያገናኝ ከፍ ያለ መተላለፊያ ላይ ነው የሚሄደው። ሁሉንም ያያል፣ ምንም አይረግጥም። እንደዚህ ከተሠራ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ወራጅ፦
በመተላለፊያው እስማማለሁ። ነገር ግን ጎብኚው የሚገባበት ቦታ ምን እየሠራ እንደሆነ በቁጥር እንየው፤ ክርክሩ ያኔ መልክ ይይዛል።

በ1 ሄክታር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 40 ሄክታር በሆነ ሰፈር 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና 60 በመቶው ወደ ቱቦ ቢወርድ 6,000 ሜትር ኩብ ይመጣል። ረግረጉ 1.2 ሄክታር ከሆነ ይህን ለመያዝ ውሃው ከወትሮው ከፍታ ግማሽ ሜትር መነሳት አለበት። ያ ውሃ በ48 ሰዓት ቀስ እያለ ይውጣ ካልን በአማካይ በሰከንድ 35 ሊትር ገደማ ነው፤ ለዚህ የሚበቃው መውጫ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

18 ሴንቲ ሜትር! የዚያ ሁሉ ሰፈር ጎርፍ ጉዳይ የሚያልቀው በዚህች ቀዳዳ ነው። ጎብኚ የጣለው አንድ ፌስታል መውጫው ፍርግርግ ላይ ይለጠፋል፣ ቅጠል ይደረብበታል፣ ጭቃ ይመርግበታል፤ በሁለት ቀን መጉደል የነበረበት ውሃ ሳምንት ይቀመጣል። በዚያ ሳምንት ሌላ ዝናብ ከመጣ ማጠራቀሚያው ሙሉ ነውና ጎርፉ በትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው በኩል በቀጥታ ወደ ታችኛው ሰፈር ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ጎብኚው የት ይቁም ሳይሆን ፍርግርጉን በየስንት ቀኑ ማን ያጸዳል የሚለው ነው።

ፊላ በዳር፦
ወራጅ ልክ ነህ፤ የሚያስከትለውን ልጨምርበት። ፊላና ቄጠማ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ደህና ያድጋሉ። ግማሽ ሜትር ተጨምሮባቸው ሁለት ቀን ቢቆይ አይጎዱም። ሳምንት ሲያልፍ ግን አዲስ የተተከለው ችግኝ ከነጫፉ ተውጦ ይሞታል፤ የተረፈው ቦታ ባዶ ጭቃ ይሆናል። በዚያ ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ማንም ያልተከለው አረም ነው።

የመውጫውን መደፈን በንድፍ ማቃለልም ይቻላል። የመውጫው ቱቦ አፍ ከወትሮው የውሃ ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቱቦው ከዚያ መውጫ ቀዳዳው ወዳለበት መቆጣጠሪያ ጉድጓድ ሽቅብ ይውጣ። ፌስታልና ቅጠል ስለሚንሳፈፉ ከአፉ በላይ ይቀራሉ። ወለሉ ላይም መቀመጥ የለበትም፤ ደለል ይውጠዋል።

አሁን ወደ ጎብኚው። ሰው ሁሉ ስለ ትንኝ ይጮኻል፣ ረግረግ ስለሆነ ብቻ። በሞቃት ወራት ትንኝ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል። በሁለት በሦስት ቀን የሚጎድል ውሃ አያደርሰውም። ዘወትር ውሃ ያለበት ኩሬ ደግሞ ዓሣና የውሃ ተርብ እጭ ስላለበት የትንኙን እጭ ይለቅመዋል። ችግሩ ያለው ከሁለቱም በተቆረጠች ትንሽ ውሃ ላይ ነው። ጫማ እርጥብ ጭቃ ላይ ሲያርፍ ተረከዙ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል፤ ዋናው ውሃ ሲሸሽ ያቺ ጉድጓድ ውሃዋን ይዛ ትቀራለች። ዓሣ አይደርስባት፣ ፀሐይ ቶሎ አያደርቃት፤ ከሥር ያለው ጭቃ ስለተጠቀጠቀም ውሃው አይሰርግም። አንድ ቡድን ፎቶ ሊነሳ ዳር ላይ ሲወርድ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ብዙ ይተዋል። ስለዚህ እኔ ጭቃው ዳር ፈጽሞ አይወረድ ባይ ነኝ፤ መተላለፊያ ከሌለ በሩ ይዘጋ።

ሰማያዊ ላባ፦
እህቴ፣ በትንኙ ሙሉ በሙሉ ተስማምተናል። የወፍ ነገር ግን መተላለፊያ በመሥራት ብቻ አይፈታም። ረግረጉን መሀል ለመሀል የሚሰነጥቅ መንገድ ከፍ ብሎም ቢሠራ ለሚፈለፍል ወፍ መሰንጠቅ ነው፤ ጎጆውን ጥሎ ይሄዳል። መንገዱ በአንድ ወገን ይዙር፣ ወደ ውሃው አንድ ወይም ሁለት መመልከቻ ብቻ ይግባ፣ ሌላው ወገን ለወፎች ይተው። መመልከቻው በሸምበቆ አጥር ይጋረድ።

ዳቦ መወርወርም በግልጽ ይከልከል። ሰው በደግነት ነው የሚያደርገው፣ ይገባኛል። ግን ያልተበላው ዳቦ ሰምጦ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የተበላው ደግሞ ዳክዬ ያበዛል፤ የዳክዬ ኩስ ፎስፈረስና የአንጀት ባክቴሪያ ነው። ከከተማው የሚመጣውን ፎስፈረስ ያስቀር ተብሎ የተሠራ ረግረግ ራሱ ፎስፈረስ አምራች ይሆናል።

መዶሻ፦
እኔ ከሁላችሁም የምለየው እዚህ ላይ ነው። ስለ ጎብኚው መንገድ ብዙ ይታሰባል፣ የኤክስካቫተሩ መንገድ ይረሳል።

ከቱቦው የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ የሚያርፍበት የደለል ገንዳ አለ፦ ጥልቀቱ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር፣ ይዘቱ ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ። አሸዋው፣ የጎማ ብናኙ፣ ከመኪና ፍሬን የሚረግፈው መዳብና ዚንክ አብዛኛው እዚያ ይቀራል። ገንዳው በደለል ግማሽ ሲደርስ መጠረግ አለበት፤ በተለምዶ በየአምስት እስከ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ላይኛው ሰፈር ግንባታ ካለበት ከዚያም ቀድሞ። ለዚህ ሥራ ቢያንስ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ የጠነከረ፣ ቁልቁለቱ ከ10 በመቶ ብዙ ያልበለጠ መውረጃ ያስፈልጋል። የወጣው ደለል ውሃውን የሚያንጠፈጥፍበት ሜዳም ያስፈልጋል፤ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር ለአትክልት አይሰጥም።

እነዚህ ቦታዎች ጎብኚውን ለማስደሰት ሲባል ካፌና አግዳሚ ወንበር ይተከልባቸዋል። ከዓመታት በኋላ ማሽን ሲመጣ መግቢያ የለም። ደለሉ ሳይጠረግ ሲቀር ገንዳውን አልፎ ፊላው ውስጥ ይገባል፤ ያኔ የሚጠረገው ገንዳው ብቻ መሆኑ ይቀርና ረግረጉ በሙሉ ተነቅሎ እንደገና ይተከላል። ስለዚህ እኔ የምለው፦ የደለል ገንዳው አካባቢ ለጎብኚ ፈጽሞ አይከፈት።

ቁልቁለት፦
ወንድሜ መዶሻ፣ በመውረጃው ላይ አልከራከርህም። ሕዝቡን ከደለል ገንዳው ማራቅ ግን ስህተት ይመስለኛል። ጎብኚው ማየት ያለበት እሱን ነው! የጎማ ብናኝና ዘይት የተንሳፈፈበትን ገንዳ ያላየ ሰው ረግረጉን ከሌላ ኩሬ አይለየውም፤ ለጥገናው ገንዘብ ይመደብ ሲባልም «ሣር ለማጨድ ይህ ሁሉ?» ይላል። አጥር ይኑር፣ ከአጥሩ ውጭ መመልከቻ ይኑር፣ አጥሩ ውስጥ የደለሉን ከፍታ የሚያሳይ ቀለም የተቀባ ምልክት ይቁም። ግማሹ መስመር ቀይ ይሁን። ሕዝቡ ራሱ «ቀዩ ላይ ደርሷል» ብሎ ይጠይቃል።

መዶሻ፦
አጥርና ቀይ መስመር ካለ እቀበላለሁ። ቁልፍ ያለው ሰፊ በር ለማሽኑ ይኑር፤ በሩ ፊት ለፊት መኪና አይቁም።

ጥላ፦
ደኅንነቱንስ? ግማሽ ሜትር በድንገት የሚነሳ ውሃ አጠገብ ሕፃን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ሁሉም ቦታ አጥር ይከበብ የሚል ሐሳብ ቢነሳ ማን ይቃወማል?

ወራጅ፦
እኔ እቃወማለሁ። አጥር የወደቀውንም ከመውጣት ይከለክላል። የተሻለው የዳሩ አሠራር ነው፦ ከዳር ጀምሮ ሦስት ሜትር ያህል ውሃው ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ደረጃ ይሁን፣ ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ ይተከልበት፤ ጥልቁ ከዚያ በኋላ ይጀምር። ከውሃው በላይ ያለው ዳር ደግሞ በየሦስት ሜትሩ ርቀት ከአንድ ሜትር በላይ አይውረድ። አጥር የግድ የሚሆነው ቱቦ በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ነው፤ እዚያ ውሃው ይስባል።

ስለ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሲንጋፖር ጥሩ ምሳሌ ናት። በቢሻን-አንግ ሞ ኪዮ ፓርክ የነበረው 2.7 ኪሎ ሜትር የኮንክሪት ቦይ ፈርሶ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ ወንዝ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። በደረቅ ቀን ሰው ውሃው ዳር ድረስ ይወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ወንዙ እስከ 100 ሜትር ገደማ እንዲሰፋ ነው የታሰበው፤ ስለዚህ የውሃ ከፍታ መለኪያ፣ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ ሳይረንና የድምፅ ማስታወቂያ ተገጥሞለታል። መለኪያው ከፓርኩ በላይ፣ ጎርፉ ከሚመጣበት አቅጣጫ መቀመጥ አለበት። ሳይረኑ ውሃው መንገዱን ከሸፈነ በኋላ ከጮኸ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥላ፦
እሺ። ሌላ የሚያስጨንቀኝ አለ። ቻይና የዝናብ ውሃ የሚመጥ ከተማ ብላ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰችበት ዠንግዡ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 በጎርፍ ተዋጠች። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ፓርክ ሲጎበኝ «አሁን ጎርፍ አይነካንም» ብሎ እንዲተማመን ማድረግ አይሆንም?

ወራጅ፦
ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። ዠንግዡ ላይ በአንድ ሰዓት ብቻ 201.9 ሚሊ ሜትር ወረደ። ቅድም ባልኩት ሰፈር ላይ አስላው፦ 40 ሄክታር፣ ዝናቡ ከባድ ስለሆነ አሁን 80 በመቶው ወደ ቱቦ ቢወርድ 64,600 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ረግረጉ የሚይዘው 6,000 ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ! ረግረጉ የሚሠራው ለዘወትሩ ዝናብ ነው፦ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ለማጣራት፣ የወንዙን ድንገተኛ ሙላት ለመቀነስ። ከዚያ በላይ ላለው ሰፊ ማስተንፈሻና ከሱ በታች ቤት ያልተሠራበት መሬት ያስፈልጋል። መግቢያው ላይ የሚተከለው ጽሑፍ «ይህ ፓርክ 25 ሚሊ ሜትር ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ያለው በዚህ በኩል ያልፋል» ብሎ በቀስት ያሳይ። «ጎርፍን ይከላከላል» የሚለው ይፋቅ።

ሰማያዊ ላባ፦
በዚህ ጽሑፍ ላይ ሁላችንም የምንስማማ ይመስለኛል። ታዲያ ከዝናብ በኋላ መቼ ይከፈት? ጎብኚ የሚጠቅመውን የሚያየው ውሃው ገና ከፍ ብሎ ሳለ ነው፤ የፊላው ግንድ ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ውሃው የት ደርሶ እንደነበር በግልጽ ያሳያል። በማግስቱ ጠዋት ይከፈት እላለሁ።

ፊላ በዳር፦
መተላለፊያው ይከፈት፣ ውሃ መንካት ግን ለ72 ሰዓት ይከልከል። የመጀመሪያው ጎርፍ የመንገዱን ዘይትና የእንስሳት እዳሪ ይዞ ነው የሚገባው። ውሻም ቢሆን ገመዱ አይፈታ።

መዶሻ፦
«በማግስቱ ጠዋት» የሚባል ደንብ አልፈርምም። ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ከሆነ ጠዋት ገና እየሞላ ሊሆን ይችላል። በሰዓት ሳይሆን በመለኪያው ይወሰን፦ መውጫው አጠገብ በቆመው ባለ ሴንቲ ሜትር ምሰሶ ላይ ውሃው መጉደል መጀመሩ በሁለት ንባብ ይረጋገጥ፣ በመካከላቸው አንድ ሰዓት ይኑር። ከመተላለፊያው ወለል በታች ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይታይ። ፍርግርጉ ይጸዳ፤ ወለሉ ላይ የቀረው ጭቃ ይታጠብ፣ እርጥብ እንጨት ላይ ያለ ጭቃ ሰው ይጥላል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሁለቱ ንባብ እኩል ከሆኑ መውጫው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በሩ አይከፈትም፣ የሚጠራው ጠጋኙ ነው።