አህያዋ ትበላ ወይስ ትትረፍ?

የሐረሯ እናት፦
ሰላም ናችሁ? ከወንድሜ ጋር «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን ተረት ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ እያደረግነው ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይስላል። የቸገረኝ መጨረሻው ነው። ታውቁታላችሁ፣ ጅቡ ከላይ ሆኖ እየጠጣ ከታች ያለችውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል፣ እሷም የመጣባት ነገር ገብቷት «ሳታመካኝ ብላኝ» ትለዋለች፣ ይበላታልም። የአምስት ዓመት ልጅ ይሄን ሰምቶ እንዴት ይተኛል? ዘመዶቼ «አስመልጫት» ይሉኛል። ካመለጠች ግን የተረቱ ነገር ምኑ ይቀራል? ምከሩኝ እስቲ።

አስተማሪ ከከዚራ፦
እህቴ፣ እንዳታስመልጫት! የማስተምረው ሕፃናትን ነው። ይሄን ተረት ስነግራቸው የሚያናድዳቸው መበላቷ አይደለም፣ ውሸቱ ነው። ባለፈው አንዷ ብድግ ብላ «ውሃ ወደ ላይ አይሄድማ!» ብላ ጮኸች። መጽሐፍሽ ያለው እዚያች ላይ ነው። ወንድምሽ ከሁሉም በላይ ለወንዙ ይጨነቅ፣ ማን ከላይ ማን ከታች እንዳለ ማንበብ የማይችል ልጅም ከሥዕሉ ይወቀው። የኛ የድሬዳዋ ልጆች ደግሞ ወንዛችንን ደቻቱን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ አሸዋ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ይታያቸው። አንዲት ቅጠል ከጅቡ አፍ ሥር ተነስታ፣ ገጽ በገጽ እየተንሳፈፈች አህያዋ ጋ ትድረስ። ስትበላ ግን አታሳዩ። ባዶ የወንዝ ዳር፣ የኮቴዋ ዱካ፣ በቃ።

ጀጎል ያደገ፦
አቦ እኔ የመጣሁት በጅቡ ነው። ብዙ መጽሐፍ ላይ ጅብን ውሻ አስመስለው ይስሉታል። የሐረር ልጅ ይሄን አይቀበልም፣ ማታ ማታ ከጀጎል፣ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ ከሰው እጅ ሥጋ ሲበላ አይቶታል። የኛ ጅብ ባለ ነጠብጣብ ነው። የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ ጆሮው ክብ ነው። ወንድምሽ አንድ ማታ ወርዶ፣ ቁጭ ብሎ እያየ ይሳለው። ደግሞ ጭራቅ አታድርጉት። እዚህ እኮ በግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ የተተወለት፣ በአሹራ በዓል ቅቤ የገባበት ገንፎ የሚቀርብለት እንስሳ ነው። ጥርሱን ካገጠጠማ ሰበብ ምን ያደርግለታል? ለስለስ ብሎ ሲዋሽ ነው የሚያስፈራው።

የሐረሯ እናት፦
ተባረኩ! አሁን ረቂቁን አውጥቼ ሳየው ወንድሜ አህያዋን ከላይ፣ ጅቡን ከታች አድርጓቸዋል። ሳምንት ሙሉ ሳገላብጠው አላስተዋልኩም። ዛሬውኑ ይቀይረዋል፣ ቅጠሏም ትገባለች። አህያዋም አታመልጥም። አንድ ነገር ልጨምር፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ «ተረት ተረት» ብዬ «የላም በረት» የሚለውን ሳልጽፍ ለልጆቹ ልተውላቸው?

አስተማሪ ከከዚራ፦
ተዪላቸው። አንቺ አፍሽን ሳትዘጊ ነው የሚመልሱልሽ።