ቀሃ ላይ ያየኋቸው የውሃ ጢንዚዛዎች ዘመዳሞች ናቸው?

የቀሃ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጎንደር ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ የቀሃ ወንዝ ሲጠራ ዳር ዳሩን ሦስት ዓይነት ጢንዚዛ አያለሁ። አንዱ ትንሽ ጥቁር ነው፣ በመንጋ ሆኖ ውሃው ላይ ይሽከረከራል። ሁለተኛው ጠልቆ የሚዋኝ ሲሆን አየር ለመውሰድ ሲወጣ ቂጡን ያስቀድማል። ሦስተኛው ከጠላቂው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ግን የሚወጣው በጭንቅላቱ ነው፣ ዋናውም ደከም ያለ ነው። ሦስቱም ከአንድ የውሃ ጢንዚዛ የወረዱ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ነው ውሃ የገባው? ቅሪተ አካላቸውስ ተገኝቷል?

አዘዞ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ አስተያየትህ ጥሩ ነው። በጭንቅላቱ የሚወጣው ሃይድሮፊሊዴ የሚባለው ቤተሰብ ነው። መልኩ ቢመሳሰልም ለሁለቱ ሩቅ ነው። ፖሊፋጋ በሚባለው ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ እበት የሚያንከባልለው ጢንዚዛም እዚያው ነው። የሚሽከረከረው ጂሪኒዴ፣ ጠላቂው ደግሞ ዳይቲሲዴ ይባላል፣ ሁለቱም አዴፋጋ በሚባለው ሌላ ትልቅ ክፍል ውስጥ ናቸው። ድንጋይ ስታነሳ ከሥሩ ሮጦ የሚያመልጠው አዳኝ ጢንዚዛም አዴፋጋ ነው። ስለዚህ ጠላቂው አብሮት ከሚዋኘው መልከ መሳዩ ይልቅ የቅርብ ዘመዱ ያ የመሬት ሯጭ ነው! አየህ፣ ውሃ ውስጥ መኖር ዝምድና አይደለም።
አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፦ ጠላቂው የኋላ እግሮቹን ሁለቱንም እኩል ይቀዝፋል፣ ሃይድሮፊሊዴው ግን እያፈራረቀ ነው።

የባዮሎጂ መምህርት፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። አከራካሪው ግን አዴፋጋ ውስጥ ያለው ነገር ነው፣ እኔንም በጣም የሚስበኝ እሱ ነው። ብዙ የዘረመል ጥናቶች ጂሪኒዴ ከሌሎቹ አዴፋጋዎች ሁሉ ቀድሞ እንደተለየ ያሳያሉ፣ የመሬት ሯጮቹንም ጨምሮ ማለት ነው። ይህ ከሆነ ሁለት አማራጭ ይቀራል። ወይ የሁሉም አያት ውሃ ውስጥ ይኖር ነበርና ሯጮቹ ወደ መሬት ተመለሱ፣ ወይ ደግሞ አዴፋጋዎች ውሃ የገቡት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፣ ምክንያቱም የሚሽከረከረውና ጠላቂው የሚዋኙበት መንገድ ፈጽሞ አይገናኝም። የጂሪኒዴ ዓይን እንኳ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ በላዩ ሰማዩን፣ በታቹ ውሃውን ያያል።
ቅሪተ አካልማ አለ። ከሳይቤሪያ የተገኘው ቱንጉስካጋይረስ የሚባል ጢንዚዛ 252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ፐርሚያን የሚባለው የምድር ዘመን አልቆ ትራያሲክ የሚባለው ሲጀምር ማለት ነው፣ የጂሪኒዴ ወገን ተደርጎም ተመድቧል። ያ ጊዜ ምድር ላይ ከታዩት ሁሉ የከፋው እልቂት የደረሰበት ነው። ከዳይኖሰሮች ዘመን ደግሞ ኮፕቶክላቫ የሚባል ጠፍቶ የቀረ አዳኝ አለ፣ ቻይና ውስጥ እጩም (ገና ያልጎለመሰው ልጁም) ሳይቀር በብዛት ተገኝቷል። አንዳንዱ ከጂሪኒዴ፣ አንዳንዱ ከጠላቂዎቹ ያስጠጋዋል፣ ገና አልተቋጨም።

የቀሃ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህርት። ጭልጋ ላይ የድሮ እንስሳት አጥንትና የቅጠል ቅሪት እንደወጣ ሰምቻለሁ። እዚያ ጢንዚዛ ቢገኝ ይህን ክርክር ይፈታው ይሆን?

የባዮሎጂ መምህርት፦
አይፈታውም። የጭልጋው ቅሪት ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቤተሰቦቹ ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድመው ተለያይተዋል፣ የጠላቂዎቹ ወገን እንኳ ጁራሲክ ከሚባለው የዳይኖሰሮች ዘመን ጀምሮ ይታያል። ቢገኝ የሚነግረን ያኔ በእኛ አገር ውሃ ውስጥ ማን እንደነበረ ነው፣ ያም ትልቅ ነገር ነው።
ለክርክሩ እኔ ተስፋ የማደርገው ሕያዋኑን ነው። አስፒዲቲዴ የሚባሉት የአዴፋጋ ጢንዚዛዎች ለሳይንስ የታወቁት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም በደቡብ አፍሪካና በቻይና፣ ውሃ በስሱ በሚወርድበት ገደል ላይ ተለጥፈው። ሰሜን ተራራ ስትወጣ እንዲህ ያለውን እርጥብ ድንጋይ ሳታይ አትለፍ።
ፎቶ ስታነሳ ደግሞ ከጀርባው ብቻ አታንሳ፣ ገልብጠህ ሆዱንም አንሳው። የኋላ እግሩ ሥር የመጀመሪያውን የሆድ ቀለበት ለሁለት ከከፈለው አዴፋጋ ነው። እዚህ ለጥፈውና አብረን እናየዋለን።